ብርቅ መጽሐፍ

ማቱራን የተባለው ደራሲ «ክርስቶስን የሚክድ ቃል ጽፈሃል» ተብሎ ፓሪስ ውስጥ ችሎት ፊት በሰንሰለት ቆሟል።

«አልጻፍኩም! አንድ ቅጂ አምጡና አንብቡት። ቃሉ ከተገኘበት እሳት ውስጥ በገዛ እግሬ እገባለሁ።»

መጽሐፉን መርምረው ወዳወገዙት አዛውንት የሥነ መለኮት መምህር ዳኛው ዞሩ። እኚህ መምህር የመጽሐፍ ፍቅር አለባቸው፤ ሌላ ሰው ዘንድ የማይገኝ መጽሐፍ አለ ሲባል ከሰሙ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም።

«አባታችን፣ ቅጂ ይገኛል?»

«ከየት መጥቶ! ሁሉንም በአደባባይ አቃጥለነዋል።»

ማቱራን ተንበረከከ። «አባቴ፣ እርስዎ አንብበውታል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይመስክሩልኝ!»

«አርጅቻለሁ ልጄ። የማስታውሰው ክህደቱን ብቻ ነው» አሉና አማተቡ።

በማግስቱ ማቱራን ተፈርዶበት ተቃጠለ። መምህሩ እሳቱ እስኪጠፋ ቆመው ጸለዩለት። ቤታቸው ሲገቡ በሩን ቆለፉ፤ አመዱን ከእጃቸው በደንብ ታጠቡና ከመደርደሪያው ጀርባ ቀይ ቆዳ የለበሰ መጽሐፍ አወጡ። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«በዓለም ላይ የቀረው ቅጂ ይህ ብቻ ነው። ከእንግዲህም ዳግመኛ አይጻፍም።»