ትልቅ ሳጥን፣ ትንሽ ሳጥን

«እውነቱን ንገሪኝ እማ፤ ባልሄድ ደስ ይልሻል?»

እናት የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ከጎልማሶች ትምህርት ስትወጣ በየቀኑ ልጇ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ጎራ ትላለች፤ ልጅቷም ምሳዋን እየበላች ታስጠናታለች።

ዛሬ ግን ምሳውን የነካው የለም። ልጅቷ ማይክሮዌቭ በሚያመነጭ ቱቦ ውስጥ የሚሮጠውን የኤሌክትሮን ጨረር አካሄድ በኮምፒውተር ታሰላለች። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ተናውጦ ይበተናል። መናወጡ እውነተኛ ከሆነ፣ ቱቦውን የሚሠሩት ሰዎች እንድታርምላቸው ባሕር ማዶ ሊወስዷት ቃል ገብተዋል። የስሌት ስህተት ከሆነ ግን ነገሩን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ስህተት ነው አለች ልጅቷ፣ ሁለት ወረቀት ወደ ጎን እየገፋች። ቱቦውን የምታሰላው እንደ ደብተር በሳጥን በሳጥን ከፋፍላ ነው። ትናንት ሳጥኖቹን አሳንሳ ብትደግመው መበተኛው ቦታውን ለቀቀ፤ እውነተኛ ቢሆን እዚያው ይገኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለአለቃዋ ይህንኑ ልትጽፍለት ነው።

እናት በሆዷ ተመስገን አለች፤ ወዲያው አፈረች። እጇ ሥራ ቢያገኝ ብላ ወረቀቶቹን ሳበች። ዘንድሮ ያገኘችውን ሁሉ ማንበብ ልማዷ ሆኗል። በአንደኛው ሥዕል ጨረሩ የሚበተነው አርባኛው ሳጥን ላይ ነው፤ በሌላው ሰማንያኛው ላይ። ጣቷ ቆመ።

የመጀመሪያ ደብተሯ ባለ ትልቅ ሳጥን ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለ ትንሽ ሳጥን ሲሰጧት፣ ያችው አንድ ስንዝር መስመር እጥፍ ሳጥን ፈጅታ አስደንግጣታለች።

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ወረቀቶቹን ወደ ልጇ መለሰቻቸው።

«ሳጥኑን ያሳነስሽው በስንት ነው?»

«በግማሽ።»

«እና መቼ ቦታ ለቀቀ? አርባ ትልቁና ሰማንያ ትንሹ ልካቸው አንድ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ እናቷን አየች። ሳጥን ስትቆጥር ርዝመቱን መለካት ረስታለች። «አይ እኔ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት ተምሬ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል አይደል፣ እማ?»

«ገብቶኛል። በይ አሁን ብዪ፣ ቀዘቀዘ።»

በሦስተኛው ወር ልጅቷ ሄደች፤ እናት ከደብተሯ ጋር ቀረች።