እማማ ይርጋነሽ አዛን ሲል ለምን ይነሳሉ?

«ይሄ ሰውዬ እናቴን አስልሟታል!»

የኔሰው ይህን ሲል ከሞጣ ቢቸና ከገባ ገና አንድ ቀን አልሞላውም...

እናቱ እማማ ይርጋነሽ የዓይን ሞራቸው በኦፕራሲዮን ከተገፈፈ ሳምንት ሆኗቸዋል። «መድኃኒቱ ከተቋረጠ ዓይንዎ ይጠፋል» ብሏቸዋል ሐኪሙ። ልጅ ሆዬ አሁን ገና ሊጠይቅ መምጣቱ ነው!

ግቢው ውስጥ ተከራይ አለ። ሙባረክ ይባላል፤ ከስልጤ ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። ከእማማ ቤት በሚያዋስነው የክፍሉ ግድግዳ ላይ አዛን የሚያሰማ ሰዓት ሰቅሏል... እሱ ሥራ ሲሄድም ሰዓቱ ይጮሃል።

ታዲያ የኔሰው ምን አየ?

ቀትር ላይ አዛን አለ...

እማማ ብድግ አሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ጓዳ ገቡ።

በመጋረጃው ቀዳዳ ከጀርባቸው አጮለቀ... ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው በሹክሹክታ ያነበንባሉ!

ከሰዓት በኋላም አዛን ሲል... ያው ነው።

አትዋሹ፣ እናንተስ አትጠረጥሩም ነበር? እኔማ እጠረጥራለሁ!

እናቱን አንድ ቃል ሳይጠይቅ ሙባረክን በር ላይ ጠበቀው።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

«ምን አጠፋሁ ወንድሜ?»

«አንተ ታውቀዋለህ!»

«እሺ... እማማን ግን...»

«ስሟን እንዳትጠራ!»

ሙባረክ ሰዓቱን አውርዶ፣ ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው ጥለዋል። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች...

«እማዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አዛኑ ዛሬ ምነው ጠፋ?»

«አዛን ላንቺ ምንሽ ነው?!»

«የዓይን ጠብታዬ ሰዓት ነዋ!»

የኔሰው አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«በስልክ ‹በቀን አምስት ጊዜ ጨምሪ› ብለኸኝ ዘጋኸው። ሰዓቱ መድረሱን በምን ልወቅ ልጄ? ድሮ ጥላ አይቼ ነበር የማውቀው፤ አሁን ጥላው መች ታየኝ? በደወል እንዳልል ቅዳሴው በጾም ከሰዓት፣ በበዓል ማለዳ ነው። ሙባረክ ነው ‹የእኔ ሰዓት በጮኸ ቁጥር እጅዎን ይታጠቡና ይጨምሩ› ያለኝ። ድምፁንም ለእኔ ብሎ ከፍ አደረገው።»

«ጓዳ ገብተሽስ ምን ታነበንቢያለሽ?»

«ታዲያ በስመ አብ ሳልል ዓይኔ ውስጥ መድኃኒት ላፍስ?!»

የኔሰው ባጃጅ ይዞ በረረ... ሙባረክን ካረፈበት ፔንሲዮን በር ላይ አገኘው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ! እባክህ ተመለስልን!»

«መመለሱን እመለሳለሁ... ለመሆኑ ጠብታውን ጨምረህላቸው ነው የመጣኸው?»

አልጨመረም! ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሲሮጥ እናቱን እዚያው ወንበር ላይ ትቷቸው ነው የመጣው።

ወገን... ያ አዛን ለሙባረክ የሶላት ሰዓት ነው፣ ለእማማ የመድኃኒት ሰዓት። ሁለቱ ተግባብተው ሲኖሩ ያልገባው ልጅዬው ብቻ ነው። የሰውን እምነት ከመጠርጠራችን በፊት፣ እናታችንን ቁጭ ብለን እንጠይቅ።

እስቲ እናንተ... እናታችሁ ወይም አባታችሁ መድኃኒታቸውን በምን ሰዓት እንደሚወስዱ ታውቃላችሁ? ሳትደውሉ ኮሜንት ላይ መልሱልኝ 👇