ድንጋይ የተጫነባት በርሜል

«እሷን በርሜል እንዳትነኪያት» አሉ አክስቷ፣ ዞር እንኳን ሳይሉ።

የከተማው ውኃ አገልግሎት የሒሳብ ሹም ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ታክሲው ዳገቱን አልወጣም ብሎ በእግሯ ነው የመጣችው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሳለች። ጓሮው ውስጥ ሁለት በርሜሎች አሉ። አንዱ ባዶ፣ ቢመቱት ከበሮ ነው። ሁለተኛዋ ሙሉ ናት፤ ክዳኗ ላይ ድንጋይ ተጭኗል።

«እግሬን ልለቃለቅ ነው፣ እትዬ። አንድ ጣሳ ብቻ።»

«አንድ ጣሳ፣ አንድ ጣሳ እየተባለ ነው በርሜል የሚያልቀው። እሷ የክፉ ቀን ናት።»

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው አናጢው መጋዛቸውን አቆሙ። «ሹሟ፣ መጣሽ? ባንክ የተኛውን ብር ቀስቅሺልን እንጂ። እንዲህ የሚያስተኛው ምን በሽታ ነው?»

አክስቷ ሳቁ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

«አልተኛም፣ ጋሼ» አለች፣ ስትለው የኖረችውን። «ቧንቧው የተዘረጋው ቦንድ ሸጠን በተበደርነው ብር ነው። አበዳሪዎቹ ‹የውኃ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ቢጠፋ እኛን በምን ትከፍሉናላችሁ?› አሉ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ክፍያቸው መጠባበቂያ ሆኖ ተቀመጠ። ለሌላ ነገር አይወጣም፤ ለፓምፕም ቢሆን።»

«ፓምፑንማ ከዘንድሮው ትርፍ እንገዛለን ብላችኋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው» አሉና ወደ መጋዛቸው ተመለሱ።

ያንን መጠባበቂያ ዛሬ ጠዋት ያስከፈተችው እሷ ናት። አሮጌው ፓምፕ ሲደክም ውኃው ቀነሰ፤ ውኃው ሲቀንስ ከፋዩ ቀነሰ፤ የአበዳሪዎቹ ቀን ግን ማንንም ሳይጠብቅ ደረሰ። የጎደለውን ከመጠባበቂያው እንዲሞላ ፈረመች። ለዚሁ ነበር የተቀመጠው፤ ነውር የለበትም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሥራ ማስኬጃውና ከአበዳሪዎቹ ክፍያ የሚተርፍ ብር ሁሉ፣ አስቀድሞ የጎደለውን መጠባበቂያ መመለስ አለበት። አዲሱ ፓምፕ ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ሰፈር፣ አሳዳጊ አክስቷም ጭምር፣ ከርሞም ጀሪካን ይሸከማል። ይህንን ልትነግራቸው ነበር የመጣችው።

መጋዙ እንደገና ቆመ። አሁን የአናጢው ድምፅ ቀልድ የለበትም። «እናንተዬ፣ አራሷ ልጄ የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥብበት አጣች። ትንሽ ውኃ አይኖራችሁም?»

አክስቷ ድንጋዩን አወረዱ፣ ክዳኑን ገለጡ፣ ጀሪካን ደጋግመው እየሞሉ በአጥሩ ላይ አሻገሩ። ውኃው ወደ ግማሽ ወረደ።

ወዲያው ጥጉ ላይ ያለው ቧንቧ አስነጠሰ። ዝገት ተፋና እንደ ክር ቀጥኖ መውረድ ጀመረ። ጣሳዋን ይዛ ተሻማች፤ አክስቷ ግን በክንዳቸው ገፋ አድርገዋት የቧንቧውን ጎማ በርሜሏ ውስጥ ከተቱት።

«መጀመሪያ እሷ።»

«እግሬስ፣ እትዬ?»

«እግርሽ የትም አይሄድም። እሷ ጎድላ አታድርም።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ውኃውን አዳመጡ። ጀሪካን ያሻከረው የአክስቷ መዳፍ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል።

«ለመሆኑ ፓምፑ መቼ ነው?» አሉ ቆየት ብለው።

በርሜሏን አየች። «የኛም ጎድላለች፣ እትዬ። መጀመሪያ እሷ ትሙላ ተብሏል።»

አክስቷ ወደ አጥሩ ዞሩ። «ለአናጢውስ ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ።»

በርሜሏ ልትሞላ ስንዝር ሲቀራት ውኃው ቀጥ አለ። አክስቷ ክዳኑን ገጠሙ፣ ድንጋዩን መልሰው ጫኑ። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን አንስተው፣ ለነገ፣ በሩ ሥር አቆሙት።