የዓሣ አጥማጁ ሚስት

ሊዲያ በምሳ ሰዓቷ ቃሊቲ ከምትሠራበት መጋዘን ጥግ ተቀምጣ በስልኳ ጌም ትጫወት ነበር። ጌሙ ውስጥ ሦስት ጓደኞቿ ወር ሙሉ የተዘጋጁለት ዘንዶ ዋሻ በር ላይ ቆመው ቁስላቸውን የምትፈውስላቸውን እሷን ይጠብቃሉ። እሷ ደግሞ ወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጥላው ስለሄደች ሚስቱ ሲተርክላት ታዳምጣለች።

«ኧረ እለፊው! ሽማግሌው ሰይፍም ነጥብም አይሰጥሽም!» ብሎ የቡድኑ መሪ ሰይፈሥላሴ ከቱሉ ዲምቱ በማዳመጫዋ ጮኸባት።

«ቆይ በናትህ፣ ትታለት የሄደችውን ደብዳቤ ሊያነብልኝ ነው።»

የሰይፈሥላሴ ትዕግሥት አለቀና ሁለቱን አስከትሎ ያለ እሷ ገባ። ዘንዶው ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ አመድ አደረጋቸው። ሊዲያ ስድቡን ለመቀበል ዓይኗን ጨፈነች። ሰይፈሥላሴ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና... ደብዳቤው ላይ ምን አለችው?» ሲል ጠየቃት።