ጠዋት አንድ፣ ሲተኙ አንድ

ኤልሳቤት የመድኃኒት ማዘዣውን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ በሁለት እጇ ትጫነዋለች። የምነጥቃት ይመስላታል መሰለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እግሬ አብጧል፤ ሐሳቤ ማዘዣውን አንብቤ፣ ክኒኑን ሰጥቼ፣ «አፊያ ያድርግሽ» ብዬ መሸኘት ብቻ ነው።

ማዘዣው አጭር ነው። የሚጥል በሽታዋ አልቆም ስላለ ካርባማዜፒን የሚባለው ክኒኗ በእጥፍ ይጨመርላት ይላል።

«ምነው፣ ጨመሩብሽ?»

«ሐሙስ ማሽኑ ላይ ወደቅኩ፣ ዶክተር። ሊነጋ ሲል። ጓደኛዬ ጎትታ ባታወጣኝ እጄን በልቶት ነበር።»

ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ዓለም ገና ላይ ግን ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።

ኤልሳቤት ከሆሳዕና መጥታ እዚህ ክር ፋብሪካ የገባች ልጅ ናት። መድኃኒቷን ከእኔ መውሰድ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። አለቃዋ ትናንት ጠርቶ፣ መድኃኒቷን በሥርዓት የማትወስድ ሠራተኛ እንደማያስፈልገው ነግሯታል። ሰኞ የስንብት ደብዳቤዋን ይሰጣታል።

«አንድም ቀን አልዘለልኩም» ትላለች። «ማን ይመነኝ? ወንድሜ እንኳን ‹ጥለሽው ነው› አለኝ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኳት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከኋላዋ ኦቦ ዱጋሳ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ቆመዋል። ዞሬ እጄን ወደ መደርደሪያው እሰድዳለሁ።

«ሲጨመርልኝ ግን ያ ነገር አይብስብኝም?»

«የቱ ነገር?»

«ከዋጥኩ በኋላ አምፖሉ ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። ግድግዳ ይዤ ነው አልጋዬ ጋ የምደርሰው።»

እጄ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ይህ መድኃኒት ደም ውስጥ ሲበዛ ነው። የሚጥላት ደግሞ ሲያንስ። እንዴት ሆኖ ነው በአንድ ቀን የሚበዛባትም የሚያንሳትም?

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጪው?»

«እንደተጻፈልኝ ነዋ!» ክኒኑን ከትቼ የሰጠኋትን ትንሽ ፖስታ ከቦርሳዋ ታወጣለች። «ከሌሊት ፈረቃ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። የጠዋቱን እውጣለሁ። ታጥቤ፣ ዳቦ ቀምሼ፣ ልተኛ ስል የመኝታውን እውጣለሁ።»

ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። ጠዋት አንድ፣ ሲተኙ አንድ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፈው አላህ ይወቀው። ግማሹ ሰፈር ሌሊት ሲሠራ እንደሚያድር እያወቅኩ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው ብዬ አልጠየቅኳትም። ድካሙ ቀርቶ እፍረት ያዘኝ።

«ኦቦ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» እላለሁ።

«ረኮ ሂንቀቡ፣ ልጄ። አልቸኩልም» ይላሉ።

«የተከራየሽበት ግቢ የውሃ ሮቶ አለ?» እላታለሁ።

«አለ።»

«የቀኑንም የሌሊቱንም ውሃ ጠዋት ባንዴ ብትሞይበትስ?»

«ይፈስሳላ። ማታ ደግሞ ጠብ አይልም።»

«በቃ፣ እንደዚያ ነው። ጉበትሽ መድኃኒቱን ሲያፈርስ ይውላል፣ ሲያፈርስ ያድራል፤ ሥራ አይፈታም። ሁለቱን ባንድ ሰዓት ስትውጪ ይበዛና ዓይንሽን ያምታታብሻል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ተሟጦ ያልቃል። አንቺ ያን ጊዜ ማሽን ላይ ነሽ።»

ማዘዣውን ወደጻፈው ሐኪም ደውዬ ነገሩን አስረዳለሁ። ጭማሪው ይቅር፣ የድሮውን አራርቃ ትውሰድ ይላል። አንዱን ከሥራ ስትገባ፣ አንዱን ማታ ወደ ሥራ ስትሄድ። እስኪስተካከልላት ከማሽን ትራቅ። ያለውን ለእሷ እነግራታለሁ። ጭማሪውን ዝም ብዬ ሰጥቻት ቢሆን ነገ ጠዋት አራቱን ባንዴ ትውጥ ነበር። ይህንን አልነግራትም።

«ስለዚህ መድኃኒቱ አልሰነፈም?» ትለኛለች።

«አልሰነፈም።»

«እኔስ?»

«አወሳሰዱን ተሳስተሽ ነው» ማለት ይቻላል። ማንም አይከራከረኝም፤ እሷም አመስግናኝ ትሄዳለች። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ ደግሞ የግድግዳውን ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለው አንድ ቃል አላመለጣቸውም።

«አንቺ የወሰድሽው ልክ እኔ እንደጻፍኩልሽ ነው» እላታለሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አላመሰገነችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። «ይጻፉልኝ» ትላለች።

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። ሰኞ ለአለቃዬ የምሰጠው። ወንድሜም ያንብበው።»

የፋርማሲዬ ማህተም ያረፈበት ወረቀት አንዴ ከወጣ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስ አላውቅም። የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪ ፊት ድቅን ይልብኛል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍብኝ ነው የሠራሁት። እሷ ግን ከባንኮኒው ንቅንቅ አላለችም።

እጽፋለሁ። ስሜን፣ ጥፋቴን፣ እስኪስተካከልላት ድረስ ከማሽን ራቅ ያለ ሥራ ይሰጣት የሚለውን። ማህተሙን እመታበትና እሰጣታለሁ።

ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ድምፅዋን አውጥታ ታነባለች። «ኤልሳቤት መድኃኒቷን አንድም ቀን ሳታጓድል፣ በታዘዘችው መሠረት ወስዳለች።» እዚያ ላይ ትቆማለች። ትመለስና ደግማ ታነበዋለች፣ አሁን ጮክ ብላ። በር ላይ የቆመው ባለ ባጃጅ አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ቀስ በይ ልላት አፌን ከፍቼ እተወዋለሁ። ኦቦ ዱጋሳ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ፊቷን ወደ እሳቸው ታዞርና ከላይ፣ ከእኔ ስም ጀምራ ታነብላቸዋለች።