«እርስዎ» የተባለችው ታናሽ እህት

«እንኳን ወደ ጫካው በደህና መጡ፣ የተከበሩ ደንበኛችን። እባክዎ ወደ ኋላ ጠጋ ይበሉ» ትላታለች የጀልባው አስጎብኚ ዩንሱል፣ ማይኩን አገጯ ላይ ለጥፋ።

ናሬ ጀልባው ጠርዝ ላይ አንድ እግሯን እንዳነሳች ትቀራለች። መጡ? ይበሉ? ሁለት ሰዓት ተኩል አውቶቡስ ውስጥ ተጨፍልቃ የመጣችው ከገዛ እህቷ አፍ እርስዎ ልትባል ነው? አንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ካደጉ በኋላ?

የመዝናኛ ፓርኩ ሕግ አለው። ደንበኛ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብትሆንም እርስዎ ነው፤ አንቺና አንተ የሚባሉት ሕፃናት ብቻ ናቸው። ናሬ ሕጉን ታውቀዋለች። ማወቅ ግን ቆሽትን ከማረር አያድንም።

ዩንሱል ከቤት ወጥታ የሠራተኞች ማደሪያ ከገባች አራት ወሯ ነው። ሲደወልላት «ድምፄ አልቋል፣ ነገ» ብላ ትዘጋለች። ናሬ ዛሬ የመጣችው ያ ድምፅ ማን ላይ እንደሚያልቅ ልታይ ነው። ይኸው አየች። የነብር ጆሮ ያጠለቁ ፍቅረኛሞች፣ የፀሐይ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ፣ በቆሎ የሚግጡ እናቶች። አርባ ሰው! አንዱም ዘመድ አይደለም።

ጀልባው ይንቀሳቀሳል። ከጎማ የተሠራው አዞ አፉን ሲከፍት መንጋጋው ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ይላል። ዩንሱል ከፊት መቀመጫ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ታስነሳለች።

«አንቺ ቆንጅት፣ ስምሽ ማነው?»

«ቦሚ!»

«ቦሚዬ፣ ነይ መሪውን ያዢልኝ። ዛሬ ታናሽ እህቴ አንቺ ነሽ፣ እሺ?»

«እሺ፣ ኦኒ!»

ኦኒ! እርግጥ ነው፣ ማንም ሴት ልጅ ታላቋን ኦኒ ትላለች፤ የወግ ነው፣ አይከፈልበትም። ግን ቦሚ ቃሉን እንደ ከረሜላ ነው የመጠጠችው።

«ታናሽ እህት ያላት ሰው ጫካ አይፈራም» ትላለች ዩንሱል። «የኔዋ አምስት ዓመቷ ሳለ የአባታችንን ማንኮራፋት ነብር መስሏት፣ ጭልፋ ታጥቃ በሩን ስትጠብቅ አደረች!»

ጀልባው በሳቅ ይናጣል። ቦሚ የሌለ ጭልፋ አየር ላይ ትወዘውዛለች፤ ሁሉም ያጨበጭቡላታል። ላልያዘችው ጭልፋ! ናሬ ሳቋ አይመጣም። ያ ነብር የሷ ነው። ያ ሌሊት የሷ ነው። እህቷ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትቸረችረው?

ከቅጠሉ መሀል ውሃ የሚረጨው የማሽን ዝሆን ኩምቢውን ይቀስራል። ተሳፋሪው ውሃ ፈርቶ እየጮኸ ጎንበስ ይላል።

«ቦሚዬ፣ ቁም በይው!»

«ቁም!»

ዝሆኑ ቀጥ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ናሬ መቀመጫዋ ላይ ቆማ ራሷን ታገኘዋለች።

«ውሸት ነው! አስጎብኚዋ በእግሯ ነው የምታቆመው! ፔዳል አለ፣ እዩት!»

ቦሚ ቁልቁል ታያለች። የአንድ ቀን እህቷ ጫማ ፔዳሉን ረግጦታል። ሕፃኗ መሪውን ለቃ ወደ እናቷ ትዞራለች።

«ናሬ! አርፈሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ቅናታም!»

ማይኩ ክፍት ነው። ሐረጉ ውስጥ የተደበቁት ስፒከሮች ሁሉ ተቀባብለው፣ ቅናታም፣ ናታም፣ ታም።

በቆሎ የሚግጡት እንኳ መጋጡን ይተዋሉ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ «ምን? ደንበኛን አንቺ?» ይላሉ። «ለዚያውም ቅናታም? ልጅት፣ አለቃሽ ማነው? ቁጥሩን ስጪኝ!» ስልካቸው ወጥቷል።

የዩንሱል ፊት እንደ ሩዝ ሊጥ ይነጣል። በፓርኩ ሕግ አንድ ቅሬታ ከቀረበብሽ የሥራ ባርኔጣሽን መልሰሽ ወደ ቤትሽ ነው።

ወደ ቤትሽ። ናሬ ቃሉን በልቧ ታላምጠዋለች። ዝም ብትል፣ አፏን ብቻ ይዛ ዝም ብትል፣ ዩንሱል ነገ ቤት ናት። ብርድ ልብሱ ነገ ይጓተታል። ዛሬ አርባ ሰው አለ፣ ነገ አንድም የለም።

ታስባለች። ትንሽ አይደለም፣ በደንብ ታስባለች። እህቷ ማይኩን በሁለት እጇ ስትጨብጥ አይታም ጨምራ ታስባለች።

«አያቴ፣ ስልክዎን ይመልሱ» ትላለች በመጨረሻ። «እህቴ ናት፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። ደግሞ ይሄ ምኑ ስድብ ነው! ቤት ቢሰሟት ጆሮዎን ነው የሚይዙት።»

ሽማግሌው አንዷን ያያሉ፣ አንዷን ያያሉ። «አፍንጫችሁስ አንድ ነው። ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም፣ ምላሳም!»

«ባለ ጭልፋዋ!» ይጮኻል አንዱ የነብር ጆሮ፤ ጀልባው እንደገና በሳቅ ይናጣል። «ነብሩ ደህና ነው ወይ?»

«ዛሬም ያንኮራፋል!» ትላለች ናሬ። ቦሚ ብቻ አትስቅም።

መውረጃው ላይ ዩንሱል ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ጎንበስ እያለች ትሸኛለች። ለቦሚ የአንበሳ ተለጣፊ ደረቷ ላይ ትለጥፍላታለች። ናሬ ስትደርስ ክንዷን ትይዛታለች።

«ያዳልጣል፣ ይጠንቀቁ፣ የተከበሩ ደንበኛችን» ትላለች በፈገግታ። ጣቶቿ ግን ከታች፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ሥጋዋን ቆንጥጠው ይጠመዝዙታል። የድሮው፣ የቤቱ ቁንጥጫ፤ ለደንበኛ የማይሰጥ። የናሬ ዓይን እንባ ያቀርራል።

ቦሚ ግን አይታለች። ተለጣፊዋን በመዳፏ ሸፍና፣ የሚቀላውን ክንድ እያየች፣ እናቷ እጇን ብትጎትትም አልሄድም ትላለች።

ናሬ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ትሰበስባለች፣ ቦሚ በደንብ እንድታየው።