የቦይለሩ ማጥፊያ

መብራት ሲጠፋ ሩላ ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። በገዛ እጇ የገጠመቻት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አረንጓዴ እያበራች ነበር፤ ኃይል የምታገኘው በኢንተርኔት ገመድ ከባትሪ ስለሆነ ጨለማ አይነካትም። ሥራዋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ሳይነሳ ቦይለሩን ማጥፋት ነው። ቦይለሩ እንደበራ ከቆየ ጄኔሬተሩ አይችለውም፤ ምድር ቤት ያለው ብሬከር ይወርዳል፣ የአባቷ የኦክስጅን ማሽንም ይቆማል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪመጣ ያለችውን ጊዜ አባቷ እንደምንም ይችላታል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንለትም።

“አጥፊው እንጂ፣ አጥፊው፣” አለቻት ቦርዷን በሹክሹክታ። ቦይለሩን ሳታጠፋ አረንጓዴዋ ብርሃን ድርግም አለች።

ሩላ የስልኳን መብራት ስታበራ፣ እናቷ የተነቀለውን የኢንተርኔት ገመድ ይዛ ቆማለች። ቤይሩት ውስጥ መብራት ሲጠፋ እናት ሁሉ የምታደርገውን ነው ያደረገችው፤ ፍሪጁን ነቅላ፣ ቴሌቪዥኑን ነቅላ፣ ወደ ቦርዷ መጥታ ነበር።

“እማ! ምን አደረግሽ?”

“ነቀልኩልሽ! ይሄን ሁሉ የለፋሽበትን፣ መብራቱ ሲመለስ ያቃጥልብሽ?”

ከታች ጄኔሬተሩ አጓራ። የሩላ እጅ የቦይለሩ ማጥፊያ ወደነበረበት ግድግዳ ተወረወረ፤ ያገኘው ግን ጠዋት “ከእንግዲህ አያስፈልገንም” ብላ ማጥፊያውን አንስታ ራሷ የገጠመችውን ልሙጥ ክዳን ነበር። መኝታ ቤት ማሽኑ አንዴ ተነፈሰና ጸጥ አለ።

“ሰኪው! መልሰሽ ሰኪው!” ብላ ብሬከሩን ለማንሳት ወደ ደረጃው ሮጠች።

“የቱ ጋ ልሰካው? ልጄ፣ የቱ ጋ?” የሚለው የእናቷ ድምፅ በጨለማው ተከተላት። ሩላ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፤ ሳታውቀው እሷም ትንፋሿን ይዛ ነበር።